ያስረከብኩት ወረቀት

ወንድሜን በቀበርንበት ሳምንት ዳንግላ ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ቢፈተሽ፣ ያለ ስልክ ሁሉ ቢበረበር ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን አላሳፈረኝም።

ወንድሜ በአራት ዓመት ያንሰኝ ነበር። ከዳንግላ እንጅባራ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ጭኖ ሲመለስ ታጣቂዎች መንገድ ላይ ወጥተው አስቆሙት። ቆሞ ነበር ያሉኝ ተሳፋሪዎች አሉ፤ አልቆመም ያሉኝም አሉ። ጥይቱ በጎን መስታወት ገብቶ አንገቱን መታው። ተሳፋሪዎቹ አንዳቸውም ሳይጎዱ በእግራቸው ወደ ከተማ መጡ። ገዳዮቹ እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። መልካቸውን አላውቅም፣ ስማቸውን አላውቅም፤ ስለዚህ ጥላቻዬን የማሳርፍበት አጥቼ ያገኘሁት ሰው ላይ ሁሉ አሳረፍኩት። ገበያ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ የቆመ ገበሬ ሳይ፣ "ይሄ ቢሆንስ?" እላለሁ። የማላውቀው ወጣት በሱቄ ደጃፍ ቀስ ብሎ ካለፈ ጀርባውን እስኪጠፋ ድረስ በዓይኔ እከተለዋለሁ።

ሥራዬ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው። ሱቄ ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን አለኝ። ሰው ማመልከቻ ያስጽፋል፣ መታወቂያ ያስገለብጣል፤ መምህራን ፈተና ያባዛሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የወንጌላውያኑ ጸሎት ቤትም ማስታወቂያቸውን እኔ ዘንድ ያሠራሉ። የከተማው ሰው ጉዳይ ሁሉ በእጄ ያልፋል ብል ማጋነን አይሆንም።

ወንድሜ ከሞተ ሃያ ቀን ያህል እንዳለፈ አንድ ሰው ሱቄ መጣ። ሁለተኛ ደረጃ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። አሁን በጸጥታ ሥራ ላይ ያለ፣ ከተማው ሁሉ የሚፈራው ሰው ሆኗል። ለቅሷችን ላይ ሁለት ቀን ተቀምጧል፤ የእናቴን ጉልበት ስሞ፣ "ደሙ ፈሶ አይቀርም፣ እማማ" ብሏታል። ያን ስላለ ወድጄው ነበር።

በሩ ላይ ቆሞ ማሽኖቹን አየ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ከዛሬ ጀምሮ የምትጽፊውን፣ የምታባዢውን ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ታስቀሪያለሽ" አለኝ። "ያመጣውን ሰው ስም ትመዘግቢያለሽ። ዓርብ ዓርብ ፖሊስ እየመጣ ይወስዳል።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። የስልክ ዳታ ከተዘጋ ወዲህ መልእክታቸው ወደ ወረቀት ተመልሷል። በወረቀት ነው የሚጠራሩት።"

በዚያው ጠዋት አንዲት ሴት የፍቺ አቤቱታ አስጽፋኝ ነበር፤ ባሏ ያደረገባትን ሁሉ እያለቀሰች ነግራኛለች። ያን ወረቀት ይዞት የሚሄድ ፖሊስ ታየኝ። እሱ ማመንታቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ወንድምሽን የገደሉት ሰዎች አንድ ቀን እዚህ ማሽን ላይ ወረቀት አባዝተው ቢሆንስ?" አለኝ።

"ዓርብ ምን አስጠበቀህ?" አልኩት። "ከፈለግክ በየቀኑ ላክ።"

ለደንበኞቼ አልተናገርኩም። ከማሽኑ አንድ ተጨማሪ ገጽ ሲወጣ የጠየቀኝ ካለ፣ "ቀለሙ እየተበላሸ ነው፣ እየሞከርኩ ነው" እላለሁ። ያንን ገጽ ጠረጴዛዬ ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ እጥለዋለሁ። የሰው የምርመራ ውጤት፣ የሰው የርስት ክርክር፣ አንዲት ልጅ ለአባቷ የጻፈችው ልመና ሁሉ እዚያ ገባ። ዓርብ ሲሆን ፖሊሱ ካርቶኑን ይዞ ባዶ ካርቶን ይተውልኛል። ይህን ለሁለት ወር ያህል ሠራሁ። እንቅልፍ አልነሳኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ለወንድሜ የማደርገው ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ካርቶኑ ሲሞላ ልቤ ይረጋ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አማርኛ ያስተማሩኝ መምህር ሱቄ ገቡ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የተወለዱት ገጠር ነው፤ አዊኛ አፋቸውን የፈቱበት ስለሆነ ገበሬዎች ጉዳይ ሲያጋጥማቸው ወደ እሳቸው ይመጣሉ። እሳቸው የገበሬውን ቃል ሰምተው በአማርኛ በእጃቸው ይጽፉታል፣ እኔ በኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ። ያን ቀን ከኋላቸው ብዙ ሰዎች ተከትለዋቸው ነበር። ሁለቱ ገቡ፤ ሌሎቹ በረንዳው ላይ ቆሙ።

"ደኅና አደርሽ፣ ልጄ? እናትሽስ በረታች?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። ይቀመጡ።"

ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ማመልከቻ ነው። ከሰባት ሳምንት በፊት ከገጠር ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ ያከሰሉትን ከሰል ይዘው ለገበያ የመጡ ወጣቶች በአንድ አፈሳ ተወስደዋል። ከዚያ ወዲህ የት እንዳሉ ወላጆቻቸው አያውቁም። ስንቅ ይዘው የሄዱበት ሁሉ "እኛ ዘንድ የሉም" ተብለዋል። ማመልከቻው ረጅም አልነበረም። አንዱን አረፍተ ነገር እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ ልጆቻችን ጥፋት ካለባቸው ፍርድ ቤት ይቅረቡ፤ ከሌለባቸው ይለቀቁልን፤ የት እንዳሉ ግን ይነገረን።

ስጽፍ መምህሩ ከትከሻዬ በላይ ሆነው ያዩ ነበር። "እዚያ ጋ ነጠላ ሰረዝ አትርሺ" አሉኝ፣ ልክ ሰባተኛ ክፍል እንዳለሁ። ከታች ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ የአሥራ አንድ ወላጆች ስምና ቀበሌ ገባበት። ከዚያ አንድ በአንድ እየገቡ የማኅተሜ ቀለም ላይ አውራ ጣታቸውን እየነከሩ አሻራቸውን አሳረፉ። አንድ ሽማግሌ ጣታቸው በሥራ ብዛት ደርቆ አሻራው አልወጣ ስላላቸው እጃቸውን ይዤ እኔ ጫንኩላቸው።

"ከዋናው ጋር አምስት አድርጊልኝ" አሉ መምህሩ። "ሰኞ ለየመሥሪያ ቤቱ አስገባለሁ።"

ስድስት አደረግኋቸው።

እዚህ ላይ "ታዝዤ ነው" ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን መታዘዝ ብቻ አልነበረም። ገበሬዎቹ ሲወጡ በመስኮት እያየኋቸው፣ "ልጆቻቸው ንጹሕ ቢሆኑ ኖሮ ማን ይይዛቸው ነበር?" ብያለሁ። ወንድሜን የገደለው ከነዚያ ከሰል ሻጮች አንዱ ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤያለሁ። ዓርብ ፖሊሱ ሲመጣ ያቺን ወረቀት ከካርቶኑ በላይ አስቀመጥኳትና፣ "ከላይ ያለውን እዩት በላቸው" አልኩት።

እሑድ መምህሩን ከቤታቸው ወሰዷቸው። ፒክአፕ ደጃፋቸው ቆሞ፣ ጎረቤት ሁሉ ከቅዳሴ እየተመለሰ እያየ፣ ስልካቸውንና ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ መጽሐፋቸውን ጫኑ። በዚያው ቀን ሌላ መኪና ገጠር ወጥቶ አሻራቸውን ካሳረፉት ወላጆች ስድስቱን ሰበሰበ። ቤት መፈለግ አላስፈለጋቸውም፤ ስማቸውንም ቀበሌያቸውንም በሠንጠረዥ አሰናድቼ ሰጥቻቸዋለሁ።

ማክሰኞ የመምህሩ ባለቤት ሱቄ መጡ። ደንበኛ ነበረኝ፤ እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር አንድ ፖስታ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አደረጉት።

"ቁጠሪው" አሉኝ።

ቆጠርኩት። አምስት ነው።

"እሱ ሰኞ ሊያስገባቸው ነበር፤ አንዱም ከቤት አልወጣም። መጽሐፉን ሲያግዙ ፖስታው ሳጥን ሥር ስለነበር አላዩትም። ትላንት ስንቅ ይዤ ስሄድ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ይቺው ወረቀት ነበረች። አሻራው ሳይቀር አለበት።" ፊታቸው ላይ ንዴት እንኳ አልነበረም። "እንግዲህ ስድስተኛዋን ማን ወለዳት?"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወንድሜን ስም ጠራሁ።

"ወንድምሽን አትጥሪብኝ" አሉ። "ወንድምሽ ሲሞት ባለቤቴ ሦስት ቀን ድንኳናችሁ ውስጥ ቆሟል። ስሚኝ፣ ከዛሬ ወዲያ ለቅሶሽ ላይ አልደርስም፤ ለቅሶዬ ላይም እንዳትደርሺ።"

ፖስታውን ይዘው ወጡ። እኛ አገር ለሰው ከዚህ የከፋ ነገር አይባልም።

ለእናቴ የነገርኳት እኔ ራሴ ነኝ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብዬ። ስንዴ እየለቀመች ነበር። እስክጨርስ ቀና አላለችም።

"የልጄ ገዳይ ይያዝ ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ። "የሌላ ሴት ልጅ የት እንዳለ አይታወቅ አላልኩም። በልጄ ስም ይህን ያደረግሽው ማን አዞሽ ነው?"

ሰፌዷን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ብዙ ቀን አብረን በልተን ሳናወራ አደርን።

በማግሥቱ ወደዚያ የክፍል ጓደኛዬ ቢሮ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ስልክና መታወቂያ ያስቀመጡ ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ እኔን ግን ወዲያው አስገቡኝ። ይህም ራሱ አሳፈረኝ።

"ማመልከቻ ነው እኮ" አልኩት። "ለመንግሥት የተጻፈ ማመልከቻ ነው። ለመንግሥት ማመልከት ከመቼ ወዲህ ነው ሽብር የሆነው?"

"ማመልከቻ የሚመስል ቅስቀሳ ነው። አሥራ አንድ ቤተሰብ ከተለያየ ቀበሌ ማን ሰበሰባቸው? አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነን፤ መሰብሰብ ክልክል ነው። ደግሞ 'ከላይ ያለውን እዩት' ብለሽ የላክሽው አንቺ ነሽ።"

"የወንድሜን ገዳይ ያዛችሁ?"

"ምርመራ ላይ ነው።"

"ጡረተኛ መምህር ለመያዝ ሁለት ቀን በቃችሁ። የወንድሜን ገዳይ ግን..."

ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። "ሁለት ባልደረባዬን ቀብሬያለሁ! አንዱን ከነ ልብሱ ለቅሜ ነው የቀበርኩት። ቤቴ የማድረው በሳምንት አንድ ቀን ነው። አንቺ ሱቅሽ ውስጥ ተቀምጠሽ ስለ መብት አታስተምሪኝ። መብት በሕይወት ላለ ሰው ነው፤ እኔ ሰዉን በሕይወት ላቆየው ነው የምሞክረው።"

እውነቱን እንደሚናገር አውቄያለሁ፤ ባልደረቦቹ እንደሞቱ ከተማው ሁሉ ያውቃል። መልሱ ቤት ስደርስ ነው የመጣልኝ፦ እነዚያ ከሰል ሻጮችም በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ የለም። ግን መልስ ዘግይቶ ከመጣ ምን ይሠራል?

ልወጣ ስነሣ ድምፁን አለሳለሰ። "ምስክር ትሆኛለሽ" አለኝ። "መምህሩ ተደብቆ መጣ፣ ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ ትያለሽ። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካሽም።"

"እሺ" አልኩት። ፈርቼ ነው እሺ ያልኩት።

ችሎቱ የዋለው ከስድስት ሳምንት በኋላ እንጅባራ ላይ ነው። ጉሙ እስከ ረፋድ አልተነሣም። የገበሬዎቹ ዘመዶች ከሌሊት ጀምሮ በእግር መጥተው ግቢው ውስጥ ተኮራምተው ተቀምጠዋል። የመምህሩ ባለቤት ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከመምህሩ ጋር የቀረቡት ስድስቱ ገበሬዎች ናቸው። መምህሩ ጸጉራቸው ተላጭቶ፣ የሌላ ሰው የሚመስል ሰፊ ሹራብ ለብሰው ገቡ። ፊት ለፊት አዩኝ። ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ማልኩ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አሳይቶኝ አውቀው እንደሆነ ጠየቀኝ። አውቀዋለሁ አልኩ።

"ተከሳሹ ወደ ሱቅሽ የመጣው በምን ሁኔታ ነው?"

"በገበያ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው የመጡት።"

"በሩ ተዘግቶ ነበር?"

"ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። በረንዳው ላይ ሰው ተሰልፎ ነበር።"

ዐቃቤ ሕጉ የያዘውን ወረቀት አየ፤ እኔ የምለው እዚያ ላይ ተጽፎለታል መሰለኝ። "ለማንም እንዳትናገሪ ብሎሻል?"

"አላሉኝም።"

"ምንም ያለሽ ነገር የለም?"

"ነጠላ ሰረዝ አትርሺ ነው ያሉኝ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ጸጥ አሰኙት። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ።

"ታዲያ ቅጂውን ለምን ሰጠሽ?"

"ታዝዤ ነው። ደግሞም ጠልቻቸው ነበር።"

"ማንን?"

"ሁሉንም" አልኩ። "ወንድሜ ሞቶብኝ ነበር። የመጣውን ሁሉ ጠልቼ ነበር።"

ዳኛው ለጸሐፊዋ ይህን እንድትመዘግብ ነገሯት። ወርጄ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ማንም አላነጋገረኝም፤ እኔም ማንንም አላነጋገርኩም። ወደ ዳንግላ በመጣሁበት ሚኒባስ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ቀን ሱቄ ታሸገ። ምክንያቱ የእሳት ማጥፊያ የለሽም የሚል ነው። በእኔ መስመር ካሉት ሱቆች አንዱም የእሳት ማጥፊያ የለውም። የክፍል ጓደኛዬ ከፒክአፑ ሳይወርድ ማኅተሙ ሲለጠፍ ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም አይለኝም፤ እኔም አልለውም።

ሦስት ወር ያህል ተዘግቶ ቆየ። መምህሩና ስድስቱ ገበሬዎች ከሁለት ቀጠሮ በኋላ በዋስ ወጡ፤ መዝገቡ ግን አልተዘጋም፣ በተጠሩ ቀን ይቀርባሉ። ከዚያ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳ፣ በአፈሳ የተወሰዱት ልጆች መለቀቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ሰባቱ አንድ ላይ መጡ። ከሩቅ ቦታ አንድ መጋዘን ውስጥ ነበርን አሉ። አንዴም ዳኛ ፊት አልቀረቡም። ቀጥሎ ሦስት መጡ። አንዱ አልመጣም።

ሱቄን በከፈትኩ በሦስተኛው ቀን መምህሩን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በትር ይዘው ቀስ እያሉ ይሄዱ ነበር። ያኔ በትር አልነበራቸውም። መንገዱ መሐል እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በበትራቸው ከለከሉኝ።

"ተነሺ። ባጃጅ ይመታሻል።"

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔን ይቅር በሉኝ ማለት ቀላል ነው" አሉ። "እኔ አማርኛ አውቃለሁ፤ ችሎት ፊት ቆሜ ለራሴ መናገር እችላለሁ። እነዚያ ሰዎች ግን ጣታቸውን የሰጡሽ አምነውሽ ነው። እነሱ ዘንድ ሂጂ።"

"አብረውኝ ይሄዳሉ?"

አሰቡበት። "እሄዳለሁ። ግን አላማልድሽም። ያልሽውን በአዊኛ እነግራቸዋለሁ፣ ያሉሽን በአማርኛ እነግርሻለሁ። ከዚያ ወዲያ የለሁበትም።"

በሳምንቱ ጋሪው የሚደርስበት ድረስ በጋሪ፣ ከዚያ በኋላ በእግር ሄድን። ስምንት ወላጆች በአንደኛው ቤት ግቢ ተሰብስበው ጠበቁን። መቀመጫ ሰጡን። ያደረግኩትን ሁሉ ተናገርኩ፤ "ከላይ ያለውን እዩት" ማለቴን እንኳ አላስቀረሁም። መምህሩ ቃል በቃል ተረጎሙልኝ። እኔ እንደ ከተማ ልጅ አዊኛ በጥቂቱ ነው የምሰማው፤ ቢሆንም ምንም እንዳላለሰለሱልኝ ገብቶኛል። አንድ ሰው መሐል ላይ ተነሥቶ ሄደ። ሌላው፣ ከታሰሩት አንዱ የሆነው፣ ሸሚዙን ገልጦ ጎኑን አሳየኝ። አሳይቶኝ መልሶ ሸፈነ።

ልጇ ያልተመለሰላት ሴት ዳር ላይ ቆማ ነበር። አማርኛ ስለምትችል አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

"ልጄን ትመልሺልኛለሽ?" አለችኝ።

"አልችልም፣ እናቴ።"

"እንግዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ? ይቅር ብዬሽ እንቅልፍ ሊወስድሽ ነው?"

መምህሩን አየሁ፤ እሳቸው በትራቸውን ያዩ ነበር። አንድ ሽማግሌ በጣሳ ውሃ አምጥተው ሰጡኝና፣ "ጠጪ፣ መንገዱ ሩቅ ነው" አሉኝ። ሂጂ ማለታቸው ነው። ጠጥቼ ተነሣሁ።

ከግቢው ስንወጣ ያቺ ሴት ከኋላ ተከተለችን። መንገዱ ላይ ደረሰችብኝ።

"አንቺ መንግሥት የሚሰማሽ ሰው ነሽ" አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ምንም ለስላሳ ነገር አልነበረም። "ስትነግሪያቸው ሰምተው መጥተው አስረውናል። አሁንም ንገሪያቸው። እኔ ስጠይቅ በር ላይ ይመልሱኛል። አንቺ ወረቀት ትጽፊያለሽ፤ ነይና ጠይቂልኝ።"

ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከእሷ ጋር እሄዳለሁ። ዳንግላ ላይ፣ እንጅባራ ላይ፣ አንዴ ባሕር ዳር ድረስ። ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ አትቀመጥም፤ ባዶ ወንበር እያለ ከኋላ ትሄዳለች። ስንቅ ስገዛላት አትቀበልም፤ በአገልግሏ የያዘችውን ትበላለች። ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን እንፈተሻለን። ወታደሩ ስልኬን ከፍቶ ፎቶዎቼን አንድ በአንድ ሲያይ፣ የወንድሜን ፎቶ በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ሲያልፈው፣ ደሜ ይፈላል። ወንድሜ የሞተው በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ ያን ዕለት እዚህ ቦታ ፍተሻ ቢኖር ኖሮ ተርፎ ይሆናል ብዬም አስባለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም አብረውኝ ይሳፈራሉ።

ባለፈው ጊዜ የሄድንበት መሥሪያ ቤት በመስኮት ነው የሚያስተናግደው። የጻፍኩትን ማመልከቻ ሰጠሁ። ሰውየው የልጁን ስም በጣቱ እየተከተለ መዝገብ ላይ ፈለገ፤ ቢያንስ ፈለገ። ከዚያ መዝገቡን ዘጋው።

"እኛ ዘንድ የለም።"

"ታዲያ ማን ዘንድ ነው?"

"እኔ የማውቀው እኛ ዘንድ እንደሌለ ነው። ቀጣይ!"

ከኋላችን ሰልፍ ነበረ። ልወጣ ስዞር ሴትየዋ ክንዴን ያዘችኝ። ከተዋወቅን ወዲህ ስትነካኝ ያ የመጀመሪያዋ ነው፤ አያያዟ ያማል።

"እንደገና ጠይቂው" አለችኝ።

ወደ መስኮቱ ተመለስኩና እንደገና ጠየቅኩት።